የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ምን ያህል እንጀራ ይብላ?

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጆች፤ ጤና ይስጥልኝ። የ47 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን የእህልና የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ከአራት ወር በፊት ስኳር አለብሽ ተባልኩና ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ታዘዘልኝ። «ጣፋጭ ተዪ፣ ክብደት ቀንሺ» ተባልኩ እንጂ ምን እንደምበላ የነገረኝ የለም። እኔም ስኳር ከቤት አስወጣሁ፤ ሻዬን ባዶውን መጠጣት ለመድኩ። ቁርሴ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ከሁለት ቡናማ ዳቦ ጋር ነው። ምሳ ፍርፍር ወይም ፓስታ፣ አሥር ሰዓት ላይ በሶ፣ ማታ ሱቅ ዘግቼ ስመለስ ሦስት ሰዓት ገደማ ከቤተሰብ ጋር እንጀራ በወጥ እበላለሁ። ያም ሆኖ ባለፈው ሳምንት በባዶ ሆድ ስለካ 168 ሆነ፤ የሦስት ወሩ ምርመራም 8.1 ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው፤ ከታመምኩ ወዲህ እንዲያውም ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ። እንጀራ ጨርሼ ልተው? ዘመድ በቴሌግራም «ግላይሴሚክ ኢንዴክስ» የሚል የቁጥር ዝርዝር ልኮልኝ ሐብሐብ ክልክል ነው ይላል። የባለቤቴ እህት ደግሞ አብሽና የሺፈራው ቅጠል ከጀመርሽ ክኒኑ አያስፈልግሽም ትለኛለች። ሁዳዴም እየመጣ ነው። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

ውድ እህታችን፣

እንጀራ ጨርሰው መተው አያስፈልግዎትም። በአንድ ማዕድ የሚበሉትን መጠን ማወቅና መቀነስ፣ ከጎኑ የሚቀርበውን መለወጥ፣ ከዚያም ሰውነትዎ የሰጠውን መልስ በመለኪያ ማየት ግን ያስፈልግዎታል። ክኒንዎን ሐኪምዎ ሳያውቅ አንድ ቀንም አያቋርጡ፤ ወደ አብሹና ወደ ሺፈራው በኋላ እንመለሳለን።

ከቁርስዎ እንነሳ፤ ትልቁ ችግር ያለው እዚያ ነውና። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር አለ። ሁለት ማንኪያ ሲጨምሩ 34 ግራም ይሆናል፤ ይህም በ300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ካለው ስኳር ጋር ይስተካከላል። ማር ተፈጥሯዊ መሆኑ እዚህ ላይ ምንም አይረዳዎትም። ከሻይዎ ያስወጡት ስኳር በጁሱ በኩል ተመልሶ ገብቷል። ቡናማው ዳቦም ያሰቡትን ያህል አልጠቀመዎትም። ከሙሉ ስንዴ ቢጋገርም እህሉ ደቅቆ የተፈጨ ስለሆነ ስኳርን የሚያነሳበት ፍጥነት ከነጩ ዳቦ እምብዛም አይለይም፤ በኋላ በምናብራራው በዓለም አቀፉ የግላይሴሚክ ኢንዴክስ ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱም 75 አካባቢ ናቸው። ፋይበሩ ለሆድ ይጠቅማል፤ ለስኳሩ ግን የሚወስነው መጠኑ ነው። 80 ግራም የሚመዝን አንድ ዳቦ 40 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይዟል፤ ሁለቱ 80 ግራም። ከማሩ ጋር ሲደመር ቁርስዎ ብቻውን ከ110 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። ክብደት መቀነስ የምትፈልግ በእርስዎ ዕድሜ ያለች ሴት በአንድ ማዕድ ከ30 እስከ 45 ግራም ይበቃታል።

አቮካዶው ስኳርዎን አላነሳውም። ካርቦሃይድሬቱ ጥቂት ነው፤ ከዚያም አብዛኛው ፋይበር ነው። ነገር ግን መቶ ግራም አቮካዶ 160 ካሎሪ ያህል አለው። አንድ ትልቅ አቮካዶ ጁስ ውስጥ ሲገባ 300 ካሎሪ ያልፋል፤ ማሩ 130 ያህል ይጨምርበታል፤ ዳቦው ገና አልተቆጠረም። ሁለቱ ኪሎ ከዚህ ነው የመጣው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ስኳርና ክብደት ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች መሆናቸውን ያስታውሱ። ቅቤ፣ ዘይት፣ ኦቾሎኒና አቮካዶ ስኳርን እምብዛም አያነሱም፤ ክብደትን ግን ያነሳሉ። ብዙ ሰው ስኳር የማያነሳ ምግብ እንደ ልብ ይበላል ብሎ አምኖ የሚወፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

በምትኩ ሁለት እንቁላል ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ይጥበሱ፤ አንድ ጭልፋ ጎመን ወይም ቆስጣ ይጨምሩ፤ ግማሽ አቮካዶ በሎሚና በጨው በማንኪያ ይብሉ፤ ዳቦ ካስፈለገ ግማሹን ብቻ። ፉል የሚወዱ ከሆነም ጥሩ ነው፤ ባቄላው ሳይደቅ፣ ዘይቱ ሳይበዛ፣ አሁንም ከግማሽ ዳቦ ጋር። ጁስ ግን ማር ባይገባበትም ይተዉት። አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንጎ ይገባል፤ ሦስት ማንጎ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፣ ሦስቱን በሁለት ደቂቃ የሚጠጣው ግን ብዙ ነው። ፍሬውን ራሱን፣ አንድ ብርቱካን ወይም ግማሽ ማንጎ፣ ከምግብ በኋላ ይብሉ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት በካናዳ ቶሮንቶ የሚሠሩት ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሰዎች 50 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጥ መጠን ያለው ምግብ ይበላሉ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ የደማቸው ስኳር ምን ያህል እንደወጣ ይለካል፤ 50 ግራም ንጹሕ ግሉኮስ በጠጡ ቀን ከወጣው ጋር ይነጻጸራል። ግሉኮስ 100 ይሰጠዋል። 55 እና ከዚያ በታች የሆነው ምግብ ዝቅተኛ፣ ከ56 እስከ 69 መካከለኛ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ምስር 32፣ ሽምብራ 28፣ ቦሎቄ 24 ገደማ ነው። ነጭ ሩዝ 73፣ የተቀቀለ ድንች 78 ገደማ። ማር 61፣ ስኳር 65፤ ሁለቱ ምን ያህል ጎረቤት እንደሆኑ ያዩታል።

ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ሳህንዎ ላይ ስንት እንደተቀመጠ አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛ ስሌት አለ፤ ግላይሴሚክ ሎድ ይሉታል። የምግቡን ቁጥር በሚበሉት ካርቦሃይድሬት ግራም ያባዙና ለመቶ ያካፍሉ። ውጤቱ 10 እና ከዚያ በታች ከሆነ ትንሽ ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ነው። ዘመድዎ የከለከለዎትን ሐብሐብ በዚህ እንየው። ቁጥሩ ከ70 በላይ ነው፤ ግን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ 120 ግራም የሚመዝን ቁራጭ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስሌቱ 7 ገደማ ነው። አንድ ቁራጭ ሐብሐብ አይጎዳዎትም፤ ግማሽ ሐብሐብ ግን ሌላ ነገር ነው። ፓስታን ደግሞ ይመልከቱ። ቁጥሩ 49 ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ በዝቅተኞቹ መደብ ተጽፎ ያገኙታል። ነገር ግን 180 ግራም የተቀቀለ ፓስታ ወደ 48 ግራም ካርቦሃይድሬት ስላለው ስሌቱ 24 ገደማ ይደርሳል። ምሳ ቤት የሚቀርበው ሳህን ደግሞ ከ180 ግራም ይበልጣል። ፓስታ በእንጀራ የሚበሉ ከሆነማ ስታርች (በእህልና በሥራሥር ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት) በስታርች ነው፤ ይህን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ድንች ወጥ በእንጀራና ሩዝ በእንጀራም እንደዚያው።

የእንጀራ ቁጥር ስንት ነው ብለው ቢጠይቁ አንድ መልስ አያገኙም። የተለያዩ ጥናቶች የጤፍ እንጀራን ዝቅተኛም ከፍተኛም ብለው ለክተውታል። የጤፉ ዓይነት፣ ሊጡ የቆየበት ቀን፣ የተቀላቀለበት እህልና የአለካክ ዘዴው ሁሉ ይለያያሉ። ደግሞም ዛሬ ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ውስጥ ሩዝ ወይም በቆሎ መቀላቀሉ የተለመደ ነው። ስለዚህ በቁጥሩ ከመጨነቅ በሚዛን መሥራት ይሻላል፤ ሚዛን ደግሞ ሱቅዎ ውስጥ አለ። አንድ እንጀራ ይዘው ይሂዱና ይመዝኑት። ብዙውን ጊዜ 300 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል፤ ወፈር ያለ ከሆነ 400 ሊጠጋ ይችላል። መቶ ግራም እንጀራ ከ30 እስከ 35 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይዟል። አንድ ሙሉ እንጀራ እንግዲህ ከ90 እስከ 130 ግራም ነው ማለት ነው። የጤፍ እንጀራ ቁጥር 50 ብቻ ነው ብለን ደግነት ብናደርግለት እንኳ ስሌቱ ከ45 ያልፋል። ለእርስዎ በአንድ ማዕድ የሚበቃው ሲሶው ነው፤ ከ100 እስከ 120 ግራም። መጀመሪያ ላይ ይህ ከከበደዎት በግማሽ ይጀምሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሲሶው ይውረዱ።

ሲሶውን ቆርጠው ጠቅልለው በራስዎ ሳህን ላይ ያስቀምጡት። ከትልቅ ገበታ ላይ ከቤተሰብ ጋር ሲበሉ ስንት እንደበሉ ማንም አያውቅም፤ ጉርሻውም አለ፤ ወጥ የጠጣው የታችኛው እንጀራም በመጨረሻ ይቆረሳል። አብሮ መብላቱ አይቅርብዎ፤ ጥቅልልዎ ግን ለብቻው ይሁን፣ ሲያልቅ እንዳለቀ ይቆጠር። ፍርፍር ደግሞ ከሁሉም በላይ መጠንን ይደብቃል። አንድ እንጀራ ወይም አንድ ተኩል ተፈርፍሮ በቁሌት ሲታሽ ትንሽ ይመስላል፤ ያ ራሱ ሌላ እንጀራ ላይ ፈሶ ይቀርባል። በልተው ሲነሱ እስከ ሁለት እንጀራ ተኩል በልተዋል ማለት ነው። ፍርፍር ካማረዎት የተመዘነ ሲሶ እንጀራ ይፈርፍሩ፤ ቁሌቱን በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ያብዙት፤ ሁለት እንቁላል ይምቱበት፤ ከሥር ምንም እንጀራ አይነጠፍ።

ሲሶ እንጀራ ሆድ አይሞላም ይሉን ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ብቻውን አይሞላም። የሳህንዎ ግማሽ ስታርች በሌለው አትክልት ይሞላ፦ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒ፣ የቲማቲምና የሰላጣ ቅጠል በሎሚ። ሩቡ ፕሮቲን ነው፦ አንድ ጭልፋ ወፍራም የምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ስብ የሌለው ሥጋ ወይም አሳ። የቀረው ሩብ የእንጀራዎ ቦታ ነው። አበላሉም ቅደም ተከተል አለው። አትክልቱንና ፕሮቲኑን በሹካ ወይም በማንኪያ አስቀድመው ይጀምሩ፤ አምስት አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ እንጀራውን በቀረው ወጥ ይብሉ። ተመሳሳይ ምግብ በዚህ ቅደም ተከተል ሲበላ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ዝቅ እንደሚል በጥናት ታይቷል። ምክንያቱም ፋይበሩና ፕሮቲኑ ጨጓራ ውስጥ ቀድመው ስለሚገኙ ስታርቹ ወደ አንጀት የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ምንም ወጪ የለውም፤ እንጀራ ያልነካው ወጥ መብላት ግን ለእኛ ሰው ለመልመድ ሳምንት ይፈልጋል።

ሐዋሳ መኖርዎ ደግሞ አንድ ትልቅ ዕድል ይሰጥዎታል። ከአሳ ገበያው ከአሞራ ገደል ጠዋት ሄደው የሚገዙት ቆሮሶ የሚባለው አሳ ካርቦሃይድሬት የለውም፤ መቶ ግራም ሥጋው 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው፤ ስቡም ትንሽ ነው። የሚያበላሸው ዘይት ውስጥ ተነክሮ መጠበሱና ከዳቦ ጋር መበላቱ ነው። 150 ግራም ያህል አጥንቱ የወጣ አሳ ለአንድ ሰው ይበቃል። አንድ ሽንኩርት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ቲማቲም ጨምረው ቲማቲሙ እስኪፈርስ ይጠብቁ፤ አሳውን ወፈር ወፈር አድርገው ቆርጠው ያስገቡና ሳያማስሉ ክዳኑን ገጥመው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ያብስሉት። ቶሎ ቶሎ ካማሰሉት ይፈረፈራል። በመጨረሻ ቃሪያና ሎሚ። ዳጣም ያድርጉበት፤ ስኳርን የሚያነሳ ነገር የለውም። ጥሬ አሳ ግን ይለፍዎት፤ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ፣ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ሲይዘው ይበረታበታል።

እርስዎ አላነሱትም እንጂ ሐዋሳ ላይ ቆጮ መቅረቡ አይቀርም። ቆጮ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው። ሲበሉ በእንጀራው ፈንታ ይሁን እንጂ በእንጀራው ላይ አይጨመር፤ መጠኑም ከመዳፍዎ አይብለጥ። ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ ላይ ቅቤው ስለሚበዛ ለክብደቱም ያስቡ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ተጋብዘው ሲሄዱ ከቤት ሰላጣና እንቁላል በልተው ይውጡ፤ ከማዕዱ ትንሽ ቆንጠር ማድረግ አይከብድዎትም። የቡላ ገንፎ ግን የተጣራ ስታርች ስለሆነ ቶሎ ያነሳል፤ ይቅርብዎ።

የአሥር ሰዓቱን በሶ በተመለከተ፣ ገብስ ራሱ መልካም እህል ነው፤ ሳይፈጭ ተቀቅሎ ሲበላ ቁጥሩ 28 አካባቢ ነው። በሶ ሲሆን ግን ተቆልቶ ይደቅቃል፣ ሳይታኘክም ይጠጣል። ዱቄት እንደ ጭራሮ ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ድፍን እህል እንደ ግንድ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ይህ ልዩነት በእህል ሁሉ ላይ ይሠራል፤ ቅንጬ ከአጥሚት፣ ድፍን ምስር ከተከካውና ከተፈጨው ይሻላል። ስለዚህ በበሶው ምትክ የሽምብራ ወይም የቦሎቄ ንፍሮ ወደ ሱቅ ይያዙ፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ የዘፈዘፉበትን ውኃ ይድፉ፤ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ ሲንተከተክ ቆይቶ ከዚያ እስኪለሰልስ ይቀቀል። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ውስጥ የሚቀር ሌክቲን የሚባል ነገር ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ሆድዎ ጥራጥሬ ካልለመደ ይነፋዎታል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በግማሽ ብርጭቆ ይጀምሩ፣ ውኃም ያብዙ። ንፍሮው ስንዴና በቆሎ የበዛበት ከሆነ ግን ያው እህል ነው። ቆሎም ደረቅ ስለሆነ በትንሽ እፍኝ ውስጥ ብዙ ይይዛል፤ ከዕቃው በቀጥታ እያነሱ አይብሉ።

ለክብደቱ ሁለት ነገር ብቻ ልንጨምር። ዘይት በማንኪያ ይለካ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው። ከጀሪካን በቀጥታ የሚንቆረቆር ዘይት ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይደርሳል፤ ለአምስት ሰው ወጥ አምስት ማንኪያ ይበቃል። ግብዎ ደግሞ በመጀመሪያ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይሁን፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሱ በሦስት ወር አካባቢ ይደርሱበታል። ከ84 ኪሎ ላይ ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ለስኳሩ ግን ለውጡ የሚታየው ከዚያ ጀምሮ ነው። ሕመሙ ገና መሆኑም ተስፋ ይሰጣል። በብሪታኒያ ስኳሩ ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ባልሞላቸው ሰዎች ላይ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ውጤቱ ይፋ በሆነ ጥናት፣ በልዩ የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ካለፉት ወደ ግማሽ የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ደረጃ በታች ወርዷል፤ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ አብዛኞቹ። እነሱ የተመገቡት በጤና ባለሙያ ክትትል ስለነበር ቤት ውስጥ ራስን በማስራብ አይሞከር።

የጠዋቱ 168 ሌላ ምክንያትም አለው። ሦስት ሰዓት ላይ በልተው ወዲያው ይተኛሉ፤ ጡንቻ ሳይሠራ ስኳሩ የሚሄድበት የለውም። ከንጋት በፊት ደግሞ ጉበት ራሱ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ ይጎላል። ስለዚህ እራት መዝለል መፍትሔ አይሆንም። የተመዘነውን እራት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያምጡት፤ ሱቅ ውስጥም ቢሆን በሣሐን ይዘው ሄደው ይብሉት። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይራመዱ፤ ሱቅ ዘግተው በፍቅር ሐይቅ በኩል ወደ ቤት መሄድ የሚመችዎ ከሆነ ከዚያ የተሻለ የለም። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡ ስለሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ደንበኛ ባይኖርም መደርደሪያ ያስተካክሉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ መለካቱ። ብዙ ሰው በባዶ ሆድ ብቻ ይለካል፤ ያ ግን የትኛው ምግብ እንደጎዳ አይናገርም። መለኪያው ውስጥ የሚገባው፣ ደም የሚነካው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በሳምንት ስድስት ይበቃዎታል፤ ሦስት ምሳዎችን ይምረጡና ለእያንዳንዱ ከመብላትዎ በፊት አንድ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ይለኩ። ለብዙ አዋቂዎች የሚመከረው በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው። ልዩነቱንም ይመልከቱ። ከምሳ በፊት 140 የነበረው 215 ከሆነ በ75 ወጥቷል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወጡን ሳይለውጡ እንጀራውን ብቻ ይቀንሱና እንደገና ይለኩ። ልዩነቱ ከ50 በታች ሲሆን መጠንዎን አገኙ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። እጅዎን በውኃና በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ማንጎ የላጠ ጣት መለኪያውን ያታልለዋል፣ ሳይወጣ ወጣ ይልዎታል። የጣትዎን ጎን ይብሱ እንጂ መሐሉን አይብሱ፤ ሕመሙ ይቀንሳል። የስትሪፑን ዕቃ ክዳን ወዲያው ይግጠሙ፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሸዋል።

አብሽን እንደ ምግብ መጠቀም ይችላሉ፤ ፋይበሩ ብዙ ስለሆነ ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የሺፈራው ቅጠልም በኮንሶ እንደ ጎመን የሚበላ ጥሩ አትክልት ነው። ሁለቱም ግን ሜትፎርሚንን አይተኩም። 8.1 ላይ ሆነው ክኒን ቢያቆሙ ስኳሩ ሳያምዎት ሲወጣ ይቆያል፤ ዓይንዎን፣ ኩላሊትዎንና እግርዎን የሚጎዳው ያ ዝምታ ነው። የባለቤትዎን እህት ሳያስቀይሙ አብሹን ይቀበሉ፣ ክኒኑንም ይዋጡ፤ አብሽ መጀመርዎን ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ስለ ሁዳዴ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች የመውረዱ ዕድል አነስተኛ ነው። ቢሆንም 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ካሰቡ ከመጀመርዎ በፊት ክኒኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚዋጥ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ካልሆነ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ሌላ የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ከተጨመረልዎ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት አደገኛ ነው። ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ቦታ አለው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም የዓይን ብዥታ ሲመጣ ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሞላ ያሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። በዚያ ሰዓት ጾሙን ስለመፍታት አይጨነቁ።

በጾም ስኳር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ገበታው በድንች፣ በፓስታ፣ በዳቦና በሳምቡሳ መሞላቱ ነው። የጾሙን ማዕድ በጎመንና በሰላጣ ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ሽሮ ወይም ድፍን ምስር፤ ከዚያ ሲሶ እንጀራዎን። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በማይበላበት ወራት ደግሞ ይባስ ስለሚል እግርዎን ከደነዘዘዎት ወይም ካቃጠለዎት ሳይቆዩ ያሳውቁ።

ጥራጥሬና አሳ ከማብዛትዎ በፊት የኩላሊት ምርመራ ካላደረጉ ያድርጉ፤ ኩላሊት የተጎዳ ከሆነ የፕሮቲኑ መጠን በሐኪም ይወሰናል። የዓይን ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እግርዎን ማታ ማታ በራስዎ። ስኳሩ ደጋግሞ ከ300 በላይ ከሆነ፣ በተለይ ከማስመለስ ወይም ከብርቱ ጥም ጋር፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የሦስት ወሩን ምርመራ ሦስት ወር ሳይሞላ ቢደግሙት ለውጡን ሙሉ በሙሉ አያሳይዎትም፤ የሚለካው ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የተጣበቀውን ስኳር ስለሆነ፣ እነሱም የሚኖሩት 120 ቀን ያህል ስለሆነ። ለዚያ ቀጠሮ ሲሄዱ የለኩበትን ደብተር ይያዙ፦ ቀኑን፣ የበሉትን፣ የእንጀራውን ግራም፣ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለመጨመርም ለመቀነስም ከአንድ የጠዋት ውጤት ይልቅ ያ ደብተር ይረዳዋል።